ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በኋላ ምግብ አልወርድ ሲል

ቁስሉ ደህና እየሻረ ነው። በሽተኛው ግን ሁለት ጉርሻ ሲቀምስ ሆዱ ይነፋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጠዋት የበላውን ማታ ያስመልሰዋል። ጨጓራው ምግብ ወደ አንጀት ማሳለፍ አቅቶታል። ይሄኔ አስታማሚ ዘንድ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች በሽተኛውን ይጎዱታል።

«ኦፕራሲዮኑ ተበላሽቷል፤ እንደገና ይከፈት።»
አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ጨጓራን ከሚያንቀሳቅሱት ዋናው ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው። የጨጓራ መውጫ በቁስለት ሲዘጋ በሚሠራው ኦፕራሲዮን፣ አሲድ ለመቀነስ ሲባል ይህ ነርቭ ሆን ተብሎ ሊቆረጥ ይችላል። ያኔ ጨጓራው ይሰንፋል። ብዙዎች ግን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያለ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይሻላቸዋል። መንገዱ አለመዘጋቱ ግን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ወይም ፈሳሽ ተጠጥቶ በሚነሳ ራጅ መታየት አለበት። ከተዘጋ ሕክምናው ሌላ ነው።

«ካልበላ አይድንም፤ ገንፎ በቅቤ አጉርሱት።»
ይሄኛው ከፍቅር የሚመጣ ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። ግን ቅባት ጨጓራን ይበልጥ ያዘገየዋል። ጥሬ አትክልትም ይከብደዋል። ትውከቱ ሲበረታ በአፍ የሚሰጠው ይቆማል፤ የተጠራቀመው በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይወጣል፤ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል። በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድንም ይለካል፤ ሲያንስ የሆድ ዕቃ ጡንቻ ይደክማልና። ችግሩ ከቆየ ቀጭን ቱቦ ጨጓራውን አልፎ ትንሹ አንጀት ይገባና ምግብ በዚያ ይሰጣል። ስለዚህ «በረሃብ ሊገድሉት ነው» ብላችሁ አትደንግጡ። መብላት ሲፈቀድለት ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ስቡ የተገፈፈ የዶሮ መረቅ፣ ትንሽ በትንሹ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ስጡት። በልቶ ወዲያው አይተኛ። ከቻለ ዘወር ዘወር ይበል።

«የሕመም ማስታገሻ ከጨጓራ ጋር ምን አገናኘው?»
ትራማዶል፣ ሞርፊንና ፔቲዲን ጨጓራን ያዘገያሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሌላ ይቀየርልን በሉ። የስኳር ሕመም ካለም ስኳሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጨጓራው ይዘገያል።

«መድኃኒቱ ተስማምቶታል፤ ከፋርማሲ እየገዛን እንቀጥል።»
ሜቶክሎፕራማይድ ጨጓራን ያነቃቃል። ሲቆይ ግን ምላስና ፊት ያለ ፈቃድ እንዲንቀሳቀሱ ሊያደርግ ይችላል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ላይለቅ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ያስጻፈበት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከ12 ሳምንት በላይ መውሰድ አይመከርም። ኤሪትሮማይሲንም ጨጓራን ያንቀሳቅሳል፤ ግን በሳምንታት ውስጥ ኃይሉ ይቀንሳል፣ የልብ ምትም ሊያዛባ ይችላል።

«ማስመለስ ያለ ነው፤ ቤት እንጠብቅ።»
ትውከቱ ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆዱ ከጠነከረ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ውኃ እንኳ አልረጋ ካለው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።