ያረጀ ባለ ሁለት ሞተር ተርቦፕሮፕ፦ ባለቤትነቱና ጥገናው

ባለ ሁለት ሞተር ተርቦፕሮፕ በጄት ነዳጅ የሚሠሩ ሁለት ተርባይኖች ፕሮፔለር የሚያዞሩለት አውሮፕላን ነው። እዚህ የምናየው ለግል ባለቤቶችና ለትናንሽ ድርጅቶች የተሠራውን፣ ጥቂት ሰዎች የሚይዘውን፣ ፈጣኑንና ያረጀውን ዓይነት ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋቸውን መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ይገረማል። በጥቂት መቶ ሺህ ዶላር የሚሸጡ አሉ። አዲስ ባለ አንድ ሞተር ተርቦፕሮፕ ግን ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ፍጥነታቸው ደግሞ ተቀራራቢ ነው። ይህ ልዩነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አውሮፕላን ሲያረጅ የመሸጫ ዋጋው ይወርዳል፤ የጥገናው ሂሳብ ግን አብሮት አይወርድም። ሞተሩም ፕሮፔለሩም የሚታደሱት በዛሬ ዋጋ ነው። ስለዚህ ገዢው ማስላት ያለበት የሚገዛበትን ሳይሆን በየዓመቱ የሚያወጣውን ነው። ሌላም ነገር አለ። እነዚህን አውሮፕላኖች ከመብረር ይልቅ መቆም የበለጠ ይጎዳቸዋል። አብራሪውንም እንደዚያው። ብዙው ችግራቸው ከዚህ ይመነጫል።

ከየት መጡ

የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ኤምዩ-2 መጀመሪያ የበረረው መስከረም 14 ቀን 1963 ነው። የአሜሪካው ቢችክራፍት ኪንግ ኤር በ1964 ተከተለ። ከዚያ ስዌሪንጀን መርሊን፣ ተርቦ ኮማንደር፣ ፓይፐር ሻየንና ሴስና ኮንክዌስት መጡ። በ1980ዎቹ ገበያው ሲቀዘቅዝ አንድ በአንድ ከምርት ወጡ። ኤምዩ-2ም ሆነ ኮንክዌስት በ1986 አካባቢ ቆሙ። ከዚያ ትውልድ እስከ ዛሬ በፋብሪካ እየተመረተ የዘለቀው ኪንግ ኤር ነው። በ1990ዎቹ እንደ ፒላተስ ፒሲ-12 ያሉ ባለ አንድ ሞተር ተርቦፕሮፖች ሲበዙ፣ ሁለት ሞተር መቀለብ የማይፈልገው ገዢ ወደ እነሱ ሄደ። የአሮጌዎቹ ዋጋ የወረደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለት ሞተር፣ ሁለት ጸባይ

በዚህ ገበያ ውስጥ ሁለት የሞተር ቤተሰቦች አሉ። አንዱ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ፒቲ6 ነው። ሌላው ጋሬት የሠራውና ዛሬ በሃኒዌል ስም የሚታወቀው ቲፒኢ331 ነው። አውሮፕላን የሚመርጥ ሰው ሳያውቀው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል።

ፒቲ6 ላይ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይን ከዋናው የሞተር ዘንግ ጋር አልተያያዘም። የሚገፋው የጋለ አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ ባትሪው የሚሸከመው ጭነት ቀለል ይላል። ጸጥ ያለ ነው፤ ስህተትንም በተወሰነ ደረጃ ይችላል። ነዳጁ የሚቃጠልበትንና ተርባይኖቹ ያሉበትን የጋለውን ክፍል ለማየት ሞተሩን ከክንፉ ሳያወርዱ ከመሃሉ መክፈት ይቻላል። ለብዙዎቹ የፒቲ6 ዓይነቶች የኦቨርሆል ጊዜው፣ ማለትም ሞተሩ ተፈታትቶ የሚታደስበት፣ 3,600 ሰዓት ነው። መሃል ላይ፣ በ1,800 ሰዓት ገደማ፣ የጋለው ክፍል ይፈተሻል።

ቲፒኢ331 ግን ሁሉም በአንድ ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ በደቂቃ 41,730 ጊዜ ይዞራል። ጊርቦክሱ ይህን ለፕሮፔለሩ ወደ 1,591 ዙር ያወርደዋል። የሞተሩ ዙር በበረራ ላይ ብዙም ስለማይለዋወጥ ኃይል ሲጠየቅ ወዲያውኑ ይሰጣል። ለተመሳሳይ ኃይልም ነዳጅ ቆጣቢ ነው። በአንጻሩ መሬት ላይ በጣም ይጮኻል። አያያዝም ይፈልጋል። ሲነሳ ባትሪው ዘንጉን፣ ጊርቦክሱንና ፕሮፔለሩን አብሮ ማዞር አለበት። ባትሪው ደክሞ ከሆነ ሞተሩ በቂ አየር ሳያገኝ ነዳጁ ይቀጣጠላል፣ ሙቀቱም ከልክ ያልፋል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የተርባይኑ ምላጮች ሊበላሹ ይችላሉ። ልምድ ያለው ባለቤት ለዚህ ነው በባትሪ ላይ የማይቆጥበው። የውጭ የኃይል ምንጭ ካገኘም በእሱ ያስነሳል።

ሲጠፋም ሥርዓት አለው። አብራሪው የፕሮፔለሩ ምላጮች ጠፍጣፋ አንግል ላይ እንዳሉ በመቆለፊያ እንዲያዙ አድርጎ ነው የሚያጠፋው። ይህን ከረሳ የሚቀጥለው መነሳት ያስቸግራል። ከቆመ በኋላ ደግሞ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር የተለመደ ነው። የጋለው ዘንግ ከላይና ከታች እኩል ሳይቀዘቅዝ ሲቀር በትንሹ ይጎብጣልና። የቲፒኢ331 አውሮፕላን አጠገብ ቆሞ ፕሮፔለር የሚያሽከረክር ሰው ካያችሁ ሥራው ይህ ነው።

ብዙ ባለቤቶች ያረጀውን ሞተር ዳሽ 10 በሚባለው አዲስ ዓይነት ይቀይራሉ። በከፍታ ላይ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ወጪው ቀላል አይደለም። ሆኖም አውሮፕላኑን ለረጅም ጊዜ ለሚይዝ ሰው፣ በእኔ እይታ፣ ከአዲስ ቀለምና ከአዲስ ወንበር በፊት የሚመጣ ነገር ነው።

ኤምዩ-2፣ ትንሹ ክንፍ

ከዚህ ትውልድ ብዙ የተወራበት ኤምዩ-2 ነው። ወደ 700 ገደማ ተሠርተዋል። ዲዛይኑ የጃፓን ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሄዱት ግን በቴክሳስ ሳን አንጀሎ ይገጣጠሙ ነበር። ረጅምና አጭር አካል ያላቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ። የመጨረሻዎቹ ማርኪስና ሶሊቴር ይባላሉ።

ክንፉ 16.5 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ማርኪስ በዚያ ክንፍ ላይ እስከ 5,250 ኪሎ ግራም ይዞ ይነሳል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 318 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። በኪንግ ኤር 90 አንድ ካሬ ሜትር ክንፍ የሚሸከመው የዚህን ግማሽ ገደማ ነው። ትንሽ ክንፍ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ኤምዩ-2 ወደ 300 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ወደ 555 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ንፋስ ሲበጠብጥም ብዙም አይናጥም። ለዚህ ሁሉ በሰዓት ወደ 300 ሊትር ነዳጅ ይጠጣል።

እንዲህ ያለ ትንሽ ክንፍ በዝግታ እንዴት ያርፋል? መልሱ ፍላፑ ላይ ነው። ፍላፖቹ፣ ማለትም ከክንፉ የኋላ ጠርዝ የሚዘረጉት ሰሌዳዎች፣ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናሉ። ሲዘረጉ ክንፉ ይሰፋል፣ ይጎብጣልም። ያኔ ሌላ አውሮፕላን ወደ ጎን ለሚያዘነብልበት የክንፍ ሰሌዳ፣ ለኤይለሮን፣ ቦታ አይቀርም። በዚህ የተነሳ አውሮፕላኑ ወደ ጎን የሚያዘነብለው ከክንፉ ላይ ብቅ በሚሉ፣ ስፖይለር በሚባሉ ሰሌዳዎች ነው።

አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በተለመደ አውሮፕላን አንድ ሞተር ከጠፋ አብራሪው መሪውን ወደ ሚሠራው ሞተር ያዞራል። በኤምዩ-2 ግን እንዲህ ሲያደርግ የሚነሳው በደህናው ክንፍ ላይ ያለው ስፖይለር ነው። ስፖይለር የሚሠራው ክንፉ የሚሰጠውን የማንሳት ኃይል በመቀነስ ነው። ኃይል በጠፋበት ሰዓት ደህናውን ክንፍ ማዳከም ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ በሚያዞረው የጭራ መሪ፣ በሩደር፣ መያዝ፣ ጎኑን በትሪም፣ ማለትም በትንንሾቹ ማስተካከያዎች፣ ማስተካከል፣ ፍላፑንም ፍጥነት ሳይገኝ አለመሰብሰብ ነው። ይህ ከሌላ አውሮፕላን ተሸክሞ የሚመጣ ልማድ ሳይሆን አዲስ የሚማሩት ነገር ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተከታታይ አደጋዎች ሲደርሱ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2005 አውሮፕላኑን እንደገና ገመገመ። ከዚያ በ2008 ልዩ ደንብ አወጣ። ደንቡ በተወሰነ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያ ስልጠናና በየዓመቱ የሚታደስ ስልጠና ያስገድዳል። ሁሉም በአንድ ዓይነት ቼክሊስት እንዲበር፣ ብቻውን የሚበር አብራሪም የሚሠራ አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበር መሣሪያ) እንዲኖረው ይጠይቃል። በ2016 ይኸው ወደ ቋሚ ሕግ ተዛወረ። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ አደጋው በጣም ቀነሰ። አውሮፕላኑ ግን ያው ነው። በብረቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

በዚህ ምክንያት ኤምዩ-2ን ገዳይ ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ክብደቱ ከ5,670 ኪሎ ግራም በታች ስለሆነ በአሜሪካ ሕግ የተለየ የዓይነት ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። ጸባዩ ግን የትልቅ አውሮፕላን ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ክፍተት ሰው በላ።

ጥገናው

በአሜሪካ ባለ ብዙ ሞተር ተርቦፕሮፕ እንደ ትንንሽ የፒስተን አውሮፕላኖች በዓመታዊ ምርመራ ብቻ አይታለፍም። ባለቤቱ የታወቀ የምርመራ ፕሮግራም መርጦ መከተል አለበት። ብዙ ጊዜ የአምራቹን ይይዛል። አንዳንዱ ሥራ በበረራ ሰዓት ይቆጠራል፣ አንዳንዱ በማረፍና በመነሳት ብዛት፣ አንዳንዱ በዓመት። በዓመት የሚቆጠረው ነው ባለቤቶችን የሚያማርረው። ፕሮፔለር ባይሽከረከርም ዕድሜው ሲደርስ ወርዶ ይታደሳል። ላንዲንግ ጊር (ጎማ ያለበት እግር) እና ቱቦዎችም ቀን አላቸው።

የኦቨርሆል ሰዓትና የክፍሎች የዕድሜ ገደብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአሜሪካ የግል ባለቤት ሞተሩ አምራቹ የመከረውን የኦቨርሆል ሰዓት ስላለፈ ብቻ ከመብረር አይከለከልም። ለኪራይና ለመንገደኛ የሚሠራ ግን በአብዛኛው ይገደዳል። ምላጮቹን የሚይዙት የሚሽከረከሩ ዲስኮች የዕድሜ ገደብ ግን ለማንም አይታለፍም። ዲስክ ከተበጠሰ የሞተሩ ሽፋን አይመልሰውም። የአንድ ሞተር ኦቨርሆል ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። የሁለቱ ሲደመር አውሮፕላኑ ከተገዛበት የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የሞተሩ ሂሳብ ትልቅ ቢሆንም ቢያንስ አስቀድሞ ይታወቃል። ሰው የማያስበው የቀረውን ነው። የክንፉን ጠርዝ ከበረዶ የሚጠብቀው ላስቲክ በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው የፊት መስታወት ንብርብሩ ይላቀቃል። የበር ጎማ ሲደርቅ የካቢን ግፊት ያፈስሳል። የሽቦዎች ሽፋን ይደርቃል። በነዳጅ ታንክ ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመ በውሃውና በነዳጁ መካከል ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ማጣሪያ ይደፍናሉ፣ አሉሚኒየሙንም ይበላሉ። ቆሞ የከረመ አውሮፕላን ላይ ይህ ሁሉ ይፈጥናል። ላስቲኮች ቅባት ያጣሉ፣ እርጥበት ጊርቦክስ ውስጥ ይገባል፣ ዝገትም የሚያየው ሳያገኝ ሥራውን ይሠራል። በተርቦ ኮማንደር ቤተሰብ የክንፉ ዋና ስፓር (ክንፉን ከውስጥ የሚሸከመው ምሰሶ) ላይ ስንጥቅና ዝገት ተገኝቶ የግዴታ ምርመራዎች ታዘዋል። እንዲህ ያለው ግኝት አንዱን አውሮፕላን ከሌላው በብዙ ገንዘብ ይለየዋል።

ለመከላከል የሚደረገው ግን ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ውስጥ ማሳደር። አየር የሚያምቀውን የሞተሩን ክፍል፣ ኮምፕረሰሩን፣ በውሃ ማጠብ። ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች በጊዜው ማስፈተሽ። የዘይት ናሙና ላብራቶሪ ልኮ የብረት ብናኝ መከታተል። አዘውትሮ መብረር።

የሚሠራው ሰውም ከክፍሉ እኩል ያስፈልጋል። ፒቲ6 የሚያውቅ ቴክኒሻን በየአገሩ ይገኛል። አንድን ያረጀ የአውሮፕላን ዓይነት ከነጸባዩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ኤምዩ-2ን የሚያውቁ ጋራዦች በጣት ይቆጠራሉ። ባለቤቶቹ ሩቅ መንገድ በርረው ወደ እነሱ ይሄዳሉ። ይህ ብክነት ይመስላል፣ አይደለም። የማያውቀው ጋራዥ እየገመተ የሚፈታው ነገር በሰዓት ሂሳብ ሲመጣ ከጉዞው ነዳጅ ይበልጣል።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ የሚነበበው ሎግቡኩ፣ የበረራና የጥገና መዝገቡ፣ ነው። ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ የሚሸጠው ታሪኩ ነው፤ ታሪኩ የጎደለ አውሮፕላን ዋጋውም ይጎድላል። የሞተሮቹ ሰዓትና የመነሳት ብዛት ይመሳከራል። ከኦቨርሆሉ ወዲህ ያሉት ዓመታት ይታያሉ። 30 ሰዓት በዓመት የበረረ አውሮፕላን በወረቀት ላይ ያምራል፤ 150 ሰዓት የበረረው ግን ብዙ ጊዜ የተሻለ ግዢ ነው። ምርመራውን የሚያደርገው ሻጩ የሚጠቀምበት ጋራዥ መሆን የለበትም።

የኮክፒቱ ዕቃም ይቆጠራል። በአሜሪካ ከጥር 20 ቀን 2005 ጀምሮ ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ባለው ከፍታ ለመብረር የተፈቀደ ትክክለኛ የከፍታ መለኪያ ያስፈልጋል። ያ የሌላቸው ብዙ አሮጌ ተርቦፕሮፖች 28,000 ጫማ ላይ ይቀራሉ። ተርባይን ዝቅ ሲል ብዙ ነዳጅ ስለሚጠጣ፣ እስከ 35,000 ጫማ ለተፈቀደለት እንደ ኮንክዌስት 2 ላለ አውሮፕላን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ቁጥጥር በሚደረግበት የአየር ክልል በአብዛኛው ኤዲኤስ-ቢ፣ ማለትም የአውሮፕላኑን ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቅ መሣሪያ፣ ግዴታ ሆኗል። የድሮው አውቶፓይለት ሌላው ራስ ምታት ነው፤ ክፍሉ አይመረትም፣ የሚጠግነውም እያረጀ ነው።

ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ቃል ነው። ሕጉ የፈቀደለትን አብራሪ መድን ሰጪው ላይቀበለው ይችላል። በዚያ ዓይነት አውሮፕላን የበረረውን ሰዓት፣ የሲሙሌተር ስልጠናውን፣ ዕድሜውንም ያያል። ለጀማሪ ባለቤት ልምድ ያለው አብራሪ ለተወሰኑ ሰዓታት አብሮት እንዲበር ያዛል። አውሮፕላኑን ከመግዛት በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላገኘ ሰው ሃንጋር ውስጥ የሚያየው ንብረት ብቻ ይኖረዋል።

የእነዚህ አውሮፕላኖች ፍጻሜ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በወረቀት ላይ ነው። ሁለቱም ሞተሮች ኦቨርሆል ሲደርሱ፣ ፕሮፔለሩና ቀለሙም ሲጠይቁ፣ ሂሳቡ ከአውሮፕላኑ ዋጋ ያልፋል። ባለቤቱ ለሚፈታታው ይሸጠዋል። ምርት በቆመበት ዓይነት ላይ ይህ የመለዋወጫ ዋና ምንጭ ነው። ከአንዱ የወረደ የፊት መስታወት፣ ጎማ ያለበት እግር ወይም ፍላፕ ተፈትሾና ሰነድ ተይዞለት ሌላ ሦስትና አራት አውሮፕላን በረራ ላይ ያቆያል።