ፖዚቲቭ ቢሄቪየር ሰፖርት ምንድን ነው? በመላ ስቴቱስ እንዴት ይዘልቃል?

አሜሪካ ግሩፕ ሆም ውስጥ፣ ማለትም አካል ጉዳት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሠራተኛ እየተረዱ በሚኖሩበት ቤት ለሚሠራ ሐበሻ፣ ፖዚቲቭ ቢሄቪየር ሰፖርት የሚለው ስም አዲስ አይደለም። ሥልጠና ላይ ይነሳል፣ የነዋሪው ፋይል ውስጥም ይጻፋል። ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ግን ብዙም አይገኝም። በአማርኛ አዎንታዊ የባህሪ ድጋፍ ልንለው እንችላለን።

ሐሳቡ የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው እንዲህ የሚያደርገው ምን ፈልጎ ነው?

ምሳሌ እንውሰድ። ኦቲዝም ያለበት፣ በአፉ የማይናገር ጎልማሳ አለ እንበል። ማታ ሻወር የሚወስድበት ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛውን ይማታል። የድሮው አካሄድ አፍኖ መያዝ ወይም የሚወደውን ነገር መከልከል ነበር። በዚህኛው አካሄድ መጀመሪያ ይታያል፣ ይመዘገባል። ከመማታቱ በፊት ምን ተፈጠረ? ከተማታ በኋላስ ምን ሆነ? ጥቂት ሳምንታት ሲጻፍ ነገሩ እየጠራ ይመጣል። የሚማታው አዲስ ሠራተኛ በሚገባባቸው ምሽቶች ነው። ውሃው በድንገት ሲለቀቅበት ይደነግጣል። ሲማታ ደግሞ ሻወሩ ይቀርለታል። ስለዚህ መማታቱ ጥቅም እያስገኘለት ነው። «ቆይ፣ አልፈልግም» የሚልበት ሌላ መንገድ የለውም።

መፍትሔው ከዚያው ይወጣል። ውሃውን ራሱ ይክፈት። ሰዓቱ ሊደርስ ሲል በሥዕል ይነገረው። «ቆይ» የሚል ካርድ ይሰጠው፣ ካርዱን ሲያሳይም ሠራተኛው ከልቡ ይቁም። ትልቁ ነገር ይሄ የመጨረሻው ነው። ካርዱ ካልተከበረ ሰውየው ወደሚያውቀው መንገድ ይመለሳል፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ዓላማው ምቱን ማስቆም ብቻ አይደለም። ሰውየው የሚመርጠው ነገር፣ የሚሄድበት ቦታ፣ የሚቀርበው ሰው ያለው ኑሮ እንዲኖር ነው።

አካሄዱ የበቀለው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ባህሪ ለመግታት የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ ማሰር፣ ፊት ላይ ውሃ መርጨት እንደ ሕክምና ይቆጠሩ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሆርነር፣ ግሌን ደንላፕ፣ ኤድዋርድ ካርና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰውን ሳያሳምሙ መርዳት እንደሚቻል ተከራከሩ። በ1997 የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ ሲሻሻል ሐሳቡ ሕግ ውስጥ ገባ። ትምህርት ቤቶችም ለሁሉም ተማሪ፣ ለአንዳንዶች፣ ለጥቂቶች እያሉ በሦስት ደረጃ ከፋፍለው አስፋፉት።

እስካሁን ያልነው አንድን ሰው ስለመርዳት ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ድርጅቶች እንዴት ይዘልቃል?

ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። ምክንያቱም ዘዴው ደካማ ስለሆነ አይደለም። እውቀቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ስለሚቀር ነው። ከላይ ያለውን ካርድ ያዘጋጀችው ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ብትሄድ፣ አዲሱ ሰው ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ያገኘዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። በአሜሪካ በዚህ ሥራ ከተሰማሩት ውስጥ በዓመት ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ሥራቸውን ይለቃሉ። ይህን ሳይቆጥር የሚነደፍ ፕሮግራም ሁሉ ከጅምሩ የተሸነፈ ነው።

ሚኒሶታ ጥሩ ማሳያ ናት። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትና በዚህ ሥራ የተሰማሩባት ስቴት ስለሆነች ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። ካምብሪጅ በምትባል ከተማ ሜቶ በሚል ምህጻር የሚታወቅ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት የስቴቱ ተቋም ነበር። በ2008 የስቴቱ እንባ ጠባቂ ባወጣው ሪፖርት ነዋሪዎች በካቴናና በእግር ማሰሪያ ይታሰሩ እንደነበር አጋለጠ። ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2011 ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ፣ ተቋሙም ተዘጋ።

ስምምነቱ ለከሳሾቹ ካሳ በመክፈል ብቻ አልቆመም። ስቴቱ እንዲህ ያሉ አያያዞችን የሚመለከተውን፣ ከ1980ዎቹ የመጣውን ደንብ እንዲለውጥም አስገደደ። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው 245ዲ የሚባለው ሕግ ማሰርን፣ መነጠልንና መቅጣትን ለሠራተኛ እጥረት ማካካሻ ወይም ለሠራተኛ ምቾት መጠቀምን ከለከለ። በጉልበት መያዝ የተፈቀደው ለድንገተኛ አደጋ ብቻ ነው፤ እሱም ሪፖርት ይደረጋል። በ2015 ደግሞ የፖዚቲቭ ሰፖርት ደንብ ተከተለ። በደንቡ መሠረት በቀጥታ እርዳታ የሚሰጥ ሠራተኛ መጀመሪያ 8 ሰዓት፣ ከዚያ በየዓመቱ 4 ሰዓት ይሠለጥናል። ያም ሆኖ የሜቶን ጉዳይ የያዙት ዳኛ ዶኖቫን ፍራንክ የፍርድ ቤቱን ቁጥጥር በ2013 መጨረሻ ሊያበቁ ሲገባ ደጋግመው አራዘሙት። ሕግ መውጣቱና ቤት ውስጥ መሠራቱ ለየቅል ነው።

ታዲያ ምን ይይዘዋል? በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት ገንዘብ ነው። ሠራተኞች ተሰብስበው መዝገቡን የሚያዩበት፣ ፕላኑን የሚያሻሽሉበት ሰዓት ካልተከፈለ ስብሰባው አይደረግም። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሺፍቱ ስለማይፈቅድለት ነው። ካንሳስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህን ገብቷት ነበር። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በኩል ባለሙያዎች ሠለጠኑ፤ ሥራቸውም ሜዲኬይድ በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን በኩል እንዲከፈል ተደረገ። ሥልጠናውና ክፍያው አብረው ሲሄዱ ሙያው መተዳደሪያ ይሆናል።

ቀጥሎ መረጃ ነው። እዚህ ላይ ስቴቶች በቀላሉ ይሳሳታሉ። አንድ ቤት ብዙ የኢንሲደንት (የግጭትና የአደጋ) ሪፖርት ስለላከ ብቻ ከተቀጣ በሚቀጥለው ወር ሪፖርቱ ይቀንሳል፤ ግጭቱ ግን እንዳለ ነው። ሪፖርት የላከው ቤት ተጨማሪ እጅና ምክር ሲያገኝ ነው ሰው እውነቱን የሚጽፈው። በየቤቱ የሚሰበሰበው ቁጥርም መጀመሪያ መመለስ ያለበት ወደጻፈው ሠራተኛ ነው። ውጤቱን ያላየ ሰው መጻፉ ትርጉም አይሰጠውም።

አሠልጣኝም ከውጭ እየመጣ የሚመለስ ከሆነ አያዛልቅም። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ አሠልጣኝ ያስፈልገዋል፤ አሠልጣኙም የሚያማክረው ሰው በስቴት ደረጃ ሊኖር ይገባል። አዲስ አሠራር ሙሉ በሙሉ እስኪለመድ በተለምዶ ከ2 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። የአንድ ዓመት በጀት ይዞ የሚጀመር ሙከራ ገና ሳይለመድ ያልቃል። ኮሚሽነር ሲቀየር ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር አብሮ ይቀየራል። በመመሪያና በውል ውስጥ የሰፈረው ይተርፋል፣ በአንድ ኃላፊ ፍቅር የቆመው ግን ከእሱ ጋር ይሄዳል።

ግሩፕ ሆም የምትሠሩ፣ ወይም ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ እዚያ የሚኖር ከሆነ፣ ዘዴው እዚያ ቤት መኖሩን በሦስት ጥያቄ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ሰው የተዘጋጀው ፕላን የት ነው? መጨረሻ የተሻሻለው መቼ ነው፣ በየትኛው መዝገብ ተመሥርቶ? ዛሬ ማታ የሚገባው ተተኪ ሠራተኛ አንብቦታል?