«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ»? ስለ ኳስ፣ ፖለቲካና ደጋፊ የሚባሉ ነገሮችና እውነታው

የደብረ ብርሃን የማታ ብርድ አይጣል ነው። ጠባሴ ያለችው የኛ ዲኤስቲቪ ቤት ግን ትሞቃለች። ጋቢ የለበሰ፣ ካፖርት የደረበ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣ፣ ሁሉም አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። እረፍት ሲሆን ክርክር ይነሳል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ አንዳንዴ ለጨዋታው ሳይሆን ለዚያች 15 ደቂቃ ነው የምሄደው።

በዚያች 15 ደቂቃ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ። ፖለቲካ ኳስ ውስጥ ሲገባ የደጋፊ ፍቅር ምን ይሆናል? ሁሉም ሰው መልስ አለው። መልሶቹ ከመደጋገማቸው ብዛት እንደ እውነት ተይዘዋል። ብዙዎቹ ግን ልክ አይደሉም።

«ድሮ ኳስ ንጹሕ ነበር፤ አሁን ነው ፖለቲካ የገባበት»

የቱ ድሮ? ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም ነው። ጣሊያን ሀገራችንን በወረረበት ዓመት ማለት ነው። ደጋፊው ክለቡን ከሀገር ክብር ጋር አያይዞ መውደድ የጀመረው ገና ከጠዋቱ ነው።

የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ መሥራቾቹ አራት ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ የተነሳ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። በዚህም ከውድድሩ ታገደች። ኢትዮጵያ ከሷ ጋር ነበር የተመደበችው፤ ስለዚህ ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። ፍጻሜውን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን። የመጀመሪያ ፍጻሜያችንን ያገኘነው በፖለቲካ ውሳኔ ነው፤ ያውም በትክክለኛ ውሳኔ። ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አፓርታይድን እስከ ዕለተ ሞታቸው ታግለዋል። ታዲያ እሳቸውን «ፖለቲካ አስገቡብን» ብሎ የሚወቅስ ደጋፊ አላየሁም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሳችን ልጅ አለ። አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ። ጊዜው ማታ ነበር። የጣሊያን ወታደሮች በመንገዱ ዳር ቆመው ችቦ ይዘውለት ነበር። በመንገዱ ላይ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ያኔ ቆሞ ነበር። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው እዚያው ሐውልቱ አካባቢ ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሩጫውን ከታሪኩ ለይቶ ማን ይነግርልናል? አያቶቻችን ሲያወሩት ከሰዓቱ ይልቅ ሐውልቱን ነበር የሚያስቀድሙት።

በርግጥ ፖለቲካው የነሳንም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አፍሪካውያን በሞንትሪያል ኦሊምፒክ አንሳተፍም ሲሉ ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። ደግነቱ አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ወሰደ። በላይነህ ዴንሳሞ ግን ያ ዕድል አልገጠመውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2፡06፡50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት የሴኡል ኦሊምፒክ ነበር፤ ኢትዮጵያ አልሄደችም። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ቢሆንም ሕዝቡ በዚህ ምክንያት ሩጫን አልጠላም።

«ፖለቲካ ከገባ ደጋፊ ይሸሻል»

ይህን የሚሉ ሰዎች አሜሪካን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮሊን ካፐርኒክ የተባለ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ፖሊስ በጥቁሮች ላይ የሚያደርሰውን በደል ለመቃወም፣ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር አልቆምም አለ። በኋላ ተንበረከከ። ሌሎችም ተከተሉት። ሀገሩ ለሁለት ተከፈለ። የሊጉ የቴሌቪዥን ተመልካች በ2016 በ8 ከመቶ ገደማ፣ በ2017 ደግሞ በ10 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። «አያችሁ! ሸሸ» ተባለ።

ግን በ2018 ተመልካቹ መልሶ በ5 ከመቶ ያህል ጨመረ። በ2016 ደግሞ የሂላሪና የትራምፕ ምርጫ ነበር፤ ሰው ዓይኑ ዜና ላይ ነበር። ቴሌቪዥን ትቶ ወደ ስልኩ የዞረውም ብዙ ነው። በመንበርከኩ ተናዶ የተወ የለም አልልም፤ አለ። ጠቅላላውን መቀነስ በሱ ላይ ብቻ መጫን ግን ትክክል አይደለም።

ተቃራኒውንም ያየነው እዚሁ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 አይቮሪ ኮስት ኦምዱርማን ላይ ሱዳንን 3 ለ 1 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ገባች። ሀገሪቱ በጦርነት ለሁለት ተከፍላ ነበር። የቡድኑ ኮከብ ድሮግባ ጓደኞቹን ሰብስቦ መልበሻ ክፍል ውስጥ ካሜራ ፊት ተንበረከከ። መሣሪያ አስቀምጡ ብሎ ለመነ። ከዚያ በ2007 ከማዳጋስካር ጋር የነበረው ጨዋታ በአማፅያኑ ከተማ በቡዋኬ ተደረገ፤ 5 ለ 0 አሸነፉ። ከዚህ የበለጠ ፖለቲካ የለም። የደጋፊው ስሜት ደግሞ ከዚህ በላይ ሆኖ አያውቅም።

በኔ እምነት ደጋፊን የሚያሸሸው ፖለቲካ የሚለው ቃል አይደለም። ጨዋታው ከሜዳ ውጭ ያለቀ ሲመስለው ነው የሚሸሸው። ውጤቱ ቢሮ ውስጥ ሲወሰን፣ ፎርፌው ሲበዛ፣ ሕጉ ለአንዱ ጠብቆ ለሌላው ሲላላ፣ ያኔ «ምን አገባኝ» ይላል።

«የፌዴሬሽን ጠብ የባለሥልጣን ጉዳይ ነው፤ እኛን አይነካንም»

ይነካናል እንጂ። በ2000 ዓ.ም በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ውስጥ በአመራር ጉዳይ ጠብ ተነሳ። ፊፋ ሐምሌ ላይ አገደን። ብዙም ሳይቆይ ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወጣን፤ የተጫወትናቸው ጨዋታዎች ውጤትም ተሰረዘ። ዕገዳው የተነሳው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የተጣሉት ሰዎች ኑሯቸውን ቀጠሉ። ቡድን አልባ የሆነው ደጋፊው ነው።

ያኔ «በቃ፣ የሀበሻ ኳስ ሞተ» ያልተባለበት ቤት አልነበረም። ከዚያ ጥቅምት 2005 ዓ.ም መጣ። ሱዳን ሜዳዋ ላይ 5 ለ 3 አሸንፋናለች። በመልሱ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰኢድ አንድ አገቡ። 2 ለ 0። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ሰው ከየቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ባጃጆች ክላክሳቸውን ሳይለቁ ይዞሩ ነበር። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያውለበለቡ አስፋልት መሃል ሲጨፍሩ አይቻለሁ። «ኳስ ያያሉ እንዴ እማማ?» አልኳቸው። «ኧረ እኔ አላውቅም ልጄ፣ ኢትዮጵያ አሸነፈች አሉኝ» አሉኝ። ሞተ የተባለው ፍቅር ይሄ ነው።

በኋላ ደግሞ ሌላ ቁስል መጣ። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካን መመዘኛ ስላላሟሉ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ሰው ሀገር ለመጫወት ለዓመታት ተገደዱ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብፅን! የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። የሜዳችን ጨዋታ ነበር። እኛ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀን በቴሌቪዥን ጨፈርን። ስታዲየም ቶሎ ያለማለቁ የበጀትና የአስተዳደር ውሳኔ ነው። ከዚህ በላይ ደጋፊን የሚነካ ፖለቲካ ምን አለ?

«የእንግሊዝ ኳስ ፖለቲካ ስለሌለበት ነው ወጣቱ ወደዚያ የኮበለለው»

ይህን የምሰማው ብዙ ጊዜ የአርሰናል ማሊያ ከለበሰ ልጅ ነው። ክንዱ ላይ ለዓመታት «ሩዋንዳን ጎብኙ» የሚል ማስታወቂያ የነበረበት ማሊያ! እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የአንድ መንግሥት ማስታወቂያ መድፈኞቹ ክንድ ላይ ነበር። ኒውካስልን በጥቅምት 2021 የገዛው በሳዑዲ የመንግሥት ፈንድ የሚመራ ቡድን ነው። ቼልሲ በመጋቢት 2022 ከዩክሬን ጦርነት ጋር በተያያዘ ባለቤቱ አብራሞቪች ማዕቀብ ሲጣልበት አዲስ ትኬት እንዳይሸጥ፣ የማሊያ ሱቁን እንዲዘጋ ተደረገ። የቼልሲ ደጋፊ ጓደኛዬ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። ጨዋታ ግን አንድም አላመለጠውም።

ልዩነቱ ፖለቲካ መኖር አለመኖሩ አይደለም። የነሱ ፖለቲካ እኛን አያመንም። የሞስኮና የለንደን ጠብ ጠባሴ ድረስ መጥቶ ጎረቤትህን አያጣላህም። የኛው ግን ያጣላል።

ደግሞ አንድ የምቀናበት ነገር አላቸው። በሚያዝያ 2021 አሥራ ሁለት ሀብታም ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳችንን ውድድር እናቋቁማለን አሉ፤ ስድስቱ የእንግሊዝ ነበሩ። ደጋፊው ለተቃውሞ ወጣ። የቼልሲ ደጋፊዎች ስታዲየማቸው ደጃፍ መንገድ ዘጉ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጥተናል አሉ። «ደጋፊ አቅም የለውም» የሚለውንም ወሬ ይሄው ያፈርሰዋል። መፈክር የያዘ የተደራጀ ደጋፊ ከባለሀብት ጋር ይገዳደራል።

«ተጫዋች ኳሱን ይጫወት፣ አፉን ይዝጋ»

በ2020 የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት መንበርከክ ሲጀምሩ ቤታችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ «እየጸለዩ ነው?» ብለው ጠየቁ። አንድ ልጅ «ፖሊስ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው አንገቱ ላይ ተንበርክኮ ገድሎ ነው፣ ጋሼ» ብሎ ነገራቸው። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ሁላችንም ኳሳችንን አየን። ማንም ስሜቱ አልቀነሰም።

የሚያበሳጨው ሌላ ነው። በታኅሣሥ 2019 የአርሰናሉ ተጫዋች ኦዚል ቻይና ውስጥ ስለሚበደሉት ኡይጉር ሙስሊሞች ሲጽፍ አርሰናል «እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም» ብሎ ራሱን አራቀ። ከወራት በኋላ ያው ክለብ ተንበረከከ። መንበርከኩን ወደድኩት። ኦዚልን ብቻውን መተዋቸው ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ደጋፊ ይህን ያስተውላል።

«የኔን ክለብ መውደድ ማለት የነሱን አካባቢ መጥላት ነው»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም ሊጋችን ምን እንደገጠመው የምናውቅ እናውቃለን። ጨዋታ ተቋረጠ። ጨዋታ ተራዘመ። የክለብ ማሊያ የብሔር ምልክት ሆነ። ክለቦቻችን በአብዛኛው ከከተማና ከክልል አስተዳደር ኪስ ስለሚኖሩ፣ የክልሎች ኩርፊያ በቀጥታ ሜዳ ይወርዳል።

ያኔ ደጋፊውን ያቀዘቀዘው ንግግር አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ማሊያ ለብሶ ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ ላይ ለመውጣት ሁለቴ ማሰብ። ልጅን ይዞ ስታዲየም ለመሄድ «ዛሬ ሰላም ይሆን?» ብሎ መጠየቅ። አባት ልጁን ካልወሰደ ደግሞ ክለቡ የነገውን ደጋፊ አጣ ማለት ነው።

የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ከሊጉ ጠፉ፤ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም ነው። የትግራዩ መቀለ 70 እንደርታ በ2011፣ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫ የበሉ ክለቦች ናቸው። የፋሲል ደጋፊ ወዳጄ የትግራይ ክለቦች ሲመለሱ የተናገረው ትዝ ይለኛል፦ «ተመስገን፣ አሁን የምንበላልጠው ሜዳ ላይ ነው።»

«ስታዲየም ያልሄደ ክለቡን ትቷል»

ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ይደረጉ ጀመር። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። የክለብህ «ሜዳ» ጅማ ከሆነ፣ ከሸዋ ተነስተህ በየሳምንቱ በምን ገንዘብ ትሄዳለህ? በየትኛው መንገድ? መንገዱ ሰላም ባልሆነባቸው ጊዜያት ደግሞ አዲስ አበባ መድረስ ራሱ ጭንቅ ነበር። ባዶ ወንበር አይተው «ደጋፊ የለም» የሚሉ ሰዎች ይህን አይቆጥሩም።

አንድ ታላቅ ወንድሜ የምለው ሰው አለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀንደኛ ቲፎዞ ነበር። ድሮ ለሸገር ደርቢ፣ ከቡና ጋር ለሚደረገው ጨዋታ፣ በሌሊት ተነስቶ ነበር አዲስ አበባ የሚወርደው። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ትቼዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ የሀበሻ ኳስ እንዳታነሳብኝ» አለኝ። ማሊያውንም አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። እኔም አላነሳበትም።

ጊዮርጊስ በተጫወተ ቀን ማታ ግን ስልኬ ይጠራል። ስለ ጤናዬ ይጠይቃል። ስለ ብርዱ ያወራል። ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ይነግረኛል። ከዚያ ዝም ይላል።

«እ... ስንት ለስንት ወጡ?»