ስለ ውድቅዳቂ እንጨት የምንሳሳተው

ጎረቤቴ ቤት ሠርቶ ሲጨርስ የተረፈውን ጣውላ ለማገዶ ሲፈልጠው ደረስኩ። አንጀቴ ነው ያረረው! እኔ ቤት ያለው የጫማ መደርደሪያም፣ በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚም የተሠራው ከእንደዚህ ዓይነቱ ውድቅዳቂ ነው። «ተወው ባክህ፣ አሮጌ እንጨት ምን ጥንካሬ አለው?» አለኝ። ይህንን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ልክ ግን አይደለም።

እንጨት በዕድሜው ብቻ አይደክምም። የሚጎዳው እርጥበትና ነፍሳት ነው። እንዲያውም ለዓመታት ደርቆ የቆየ ጣውላ የመጠማዘዝና የመሰንጠቅ ጣጣውን በአብዛኛው ጨርሷል። አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ገዝታችሁ ወዲያው ጠረጴዛ ብትሠሩበት ግን፣ ቤት ውስጥ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈታል። በእርግጥ መምረጥ ያስፈልጋል። በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉት፤ እንደ ዳቦ ከገባ በስብሷል። ትንንሽ ቀዳዳ ኖሮት ስታንኳኩት ደቃቅ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ደግሞ ነቀዙ ገና ውስጡ ሊኖር ስለሚችል ቤት አታስገቡት።

«ሚስማር በበዛ ቁጥር ይጠነክራል» የሚለውን እኔም አምን ነበር። የመጀመሪያው አግዳሚዬ እግር ላይ ስድስት ሚስማር በአንድ መስመር ደረደርኩ። እንጨቱ በዚያው መስመር ላይ ተሰነጠቀ። ሚስማሮቹ እንደ ሽብልቅ ሆነው ነው የፈለጡት። ወንበር የሚወዛወዘውም ብዙ ጊዜ ሚስማር አንሶት ሳይሆን ሰያፍ ደጋፊ ስለሌለው ነው። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይንጋደዳል፣ ሦስት ማዕዘን ግን አይንጋደድም፤ ስለዚህ ሁለቱን እግሮች በሰያፍ የሚያያይዝ አንድ ቁራጭ ጨምሩና ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩት። ብሎን የምትጠቀሙ ከሆነ ቀድማችሁ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት።

«ኮላማ ለወረቀት ነው» የሚሉም አሉ። ነጩ የእንጨት ኮላ በደንብ ከያዘ፣ በኃይል ስትገነጥሉት የሚቀደደው ራሱ እንጨቱ ነው። የሚፈልገው ንጹሕ ገጽና ጠበቅ ብሎ መታሰር ነው። ሞርሳ ከሌላችሁ በገመድ አስራችሁ፣ ገመዱን በዱላ ጠምዝዛችሁ እስከ ነገ ተዉት። በተቆረጠው የጣውላ ጫፍ በኩል የሚገጠም ከሆነ ግን ኮላ ብቻውን አይታመንም፣ ብሎን ጨምሩበት። ለአርማታ የዋለ ጣውላም ያስቸግራል፤ ሲሚንቶ እንዳይጣበቅበት ዘይት ተቀብቶ ስለሚሆን ኮላውም ቫርኒሹም እምቢ ይላሉ። መፍትሔው ያንን ገጽ መላግ ነው። መጀመሪያ የሲሚንቶውን ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ አራግፉት፣ አለዚያ የመላጊያችሁን ምላጭ ይጨርሰዋል። አቧራው ለሳንባ ክፉ ነውና አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

እባካችሁ፣ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አትቀቡ። «ምስጥ ይከላከላል» እየተባለ ስንት ሰው ልጁ የሚቀመጥበትን ወንበር ይቀባበታል። ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ለቆዳም ጎጂ የሆኑ ነገሮች አሉበት። ቫርኒሽ ይሻላል። የተልባ ዘይትም በስሱ ሲቀባ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ እንዳትጥሉት፣ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ፓሌትም (ዕቃ የሚጫንበት የጣውላ መደብ) ሁሉም አንድ አይደለም። ከውጭ ዕቃ ጭኖ የመጣ ከሆነ ጎኑ ላይ በላቲን ፊደል የታተመ ምልክት ፈልጉ። «ኤችቲ» (HT) የሚለው እንጨቱ እስከ መሃሉ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ በሙቀት መታከሙን ያሳያል። «ኤምቢ» (MB) የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ እሱን ተዉት። ምልክት ኖረውም አልኖረው፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትን አትንኩ።

«ማሽን ከሌለህ አይሆንም» ለሚለው ደግሞ፣ እኔ የጀመርኩት በመጋዝ፣ በመዶሻ፣ በእስኳድራና በብርጭቆ ወረቀት ነው። መላጉ ከከበዳችሁ ማሽን ቤት ወስዳችሁ አስልጉት፤ ግን ሚስማር ካለበት ምላጫቸውን ስለሚሰብር አይቀበሏችሁም። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካላችሁ ጣውላው ላይ ቀስ ብላችሁ አስኪዱት። የተቀበረ ሚስማር ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሳብ ያደርጋችኋል።