«መመሪያ ወጥቷል» ሲባል ቁጥሩን ጠይቁ

ለገጣፎ ካፌ ውስጥ የኮሌጅ ባለቤት ካገኘሁ ቡናው ሳይቀርብ ስልኩ ይወጣል። «አየሽ ልጄ፣ መመሪያ ወጣ። አለቀልን!» የሚያሳየኝ የቴሌግራም ፎቶ ነው። በአዲስ አበባ ዳር ዳር ላሉ የግል ኮሌጆች የሕግ ምክር እሰጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህችን ነገር መስማት ሰልችቶኛል።

ስልክ ላይ የዞረ ሁሉ መመሪያ አይደለም። የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ የሚያወጣበት መንገድ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተቀምጧል። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል። ፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባል፣ ቁጥር ያገኛል፣ ድረ ገጽ ላይ ይጫናል። ያልተመዘገበና ያልተጫነ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። ቁጥሩን ጠይቀው የሚመጡ ደንበኞቼ ግን በጣት ይቆጠራሉ።

አንድ የማማክረው ዲን እንዲህ ያለ ፎቶ አይቶ የኤክስቴንሽን ምዝገባ በመሃል አቋረጠ። የከፈሉትን ተማሪዎች «ሌላ ትምህርት ክፍል ግቡ» አላቸው። በኋላ ወረቀቱን ሙሉውን አገኘሁት። አናቱ ላይ «ረቂቅ» ይላል! ፎቶው ሲቆረጥ ያቺ ቃል ቀርታለች። ተማሪዎቹ ታዲያ ማንን ከሰሱ? ትምህርት ሚኒስቴርን አይደለም፤ ኮሌጁን ነው። ውል የገባውም፣ ብር የተቀበለውም እሱ ነዋ። ክፍያውን ከነወጪው መለሰ። ፖሊሲ በተቀያየረ ቁጥር ጣጣው መጀመሪያ የሚያርፈው እንዲህ ኮሌጁ ላይ ነው።

ይህን ስላችሁ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ይግባ ማለቴ አይደለም። በኮሌጃችሁ ስም የተጻፈ ከሆነ ለሁሉም የወጣ መመሪያ ሳይሆን በእናንተ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ነው። መጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ አስገቡ። ካልሆነ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ ይጠየቃል። የጊዜ ገደብ ስላለው «እስኪ እንይ» እያላችሁ አትክረሙ። ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ኮፒም ያዙ። ያለ ኮፒ የመጣ ደንበኛ እንደሚያናድደኝ የሚያናድደኝ የለም።

«እኛ ሸገር ከተማ፣ ኦሮሚያ ሥር ነን፣ የፌዴራሉ አይመለከተንም» የሚሉም አሉ። ዲግሪ እስከሰጣችሁ ድረስ ይመለከታችኋል፤ ፈቃዱ የሚመጣው ከፌዴራሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

«ፈቃድ አለን» ደግሞ በቂ መልስ አይደለም። ለየትኛው ፕሮግራም? በየትኛው ካምፓስ? ሰበታ የተፈቀደ ገላን አይሠራም።

ወላጆች ደግሞ የራሳቸው አላቸው። «ልጄ ሲመዘገብ የመውጫ ፈተና አልነበረም፤ ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም» ይላሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ግን የሚናገረው ስለ ወንጀል ሕግ ነው። ፈተናው በ2015 ሲጀመር የተቀመጡት ከዚያ በፊት የተመዘገቡ ተማሪዎች ናቸው። በዚያ ዙር ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ንዴታቸው ይገባኛል። ግን ከመቶ 50 ያላመጣ ልጅ ዲግሪውን ኮሌጁ በር ላይ ቢጮሁም አያገኝም። ኮሌጁ ቢፈልግ እንኳ ሥልጣኑ የለውም። ከመጮህ ይልቅ ለሚቀጥለው ዙር አስመዝግቡት፤ ድጋሚ መፈተን ይቻላል።

ዲኑ አሁንም ፎቶ ይልክልኛል። ትናንት ማታ በአምስት ሰዓት የላከው ቁጥር ነበረው። የአንድ ሌላ መሥሪያ ቤት የጨረታ ቁጥር።