የፕሮስፔክት ደረጃ ምንድን ነው? የድራፍት ምርጫስ መቼ ነው የሚወቀሰው?

የቤዝቦል ሰዎች «ፕሮስፔክት» የሚሉት ገና ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው ሊግ) ያልገባ፣ ወይም ገብቶ ጥቂት ብቻ የተጫወተ፣ ግን ትልቅ ቦታ ይደርሳል የሚባል ልጅ ነው። የፕሮስፔክት ደረጃ ማለት እነዚህን ልጆች ከ1 እስከ 100 መደርደር ነው። ቤዝቦል አሜሪካ የተባለው መጽሔት ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ያወጣል። ኤምኤልቢ ፓይፕላይን፣ ፋንግራፍስና ቤዝቦል ፕሮስፔክተስ የተባሉት ድረ ገጾችም የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው። እርስ በርስ አይስማሙም፣ ወሬውን የሚያሞቀውም እሱ ነው።

ለእግር ኳስ ሰው ይሄ ሁሉ ግርግር ግራ ያጋባል። ላሚን ያማል በ17 ዓመቱ የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሳ ጎበዝ መሆኑን ለማወቅ ዝርዝር አላስፈለገንም፣ ቴሌቪዥን በቃን። ቤዝቦል እንደዚህ አይደለም። ቡድኖች በየዓመቱ ተራ በተራ አዳዲስ ልጆችን የሚመርጡበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል። በእሱ ከሃይስኩል የተመረጠ ልጅ መጀመሪያ ሩኪ ሊግ፣ ከዚያ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እያለ በታችኞቹ ሊጎች ደረጃ በደረጃ እየወጣ፣ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው በአውቶብስ እየተንከራተተ ዓመታት ይፈጃል። አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ደጋፊው በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁን ብዙም አያየውም። የሚያየው ቁጥሩን ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ስካውቶች (ተሰጥኦ መልማዮች) ሜዳ ለሜዳ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ችሎታ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣሉ። 50 የሜጀር ሊግ አማካይ ነው። 80 የሚያገኝ እጅግ ጥቂት ነው። ከመቺ አምስት ነገር ይታያል፤ ኳሱን አግኝቶ መምታት፣ ጉልበት፣ ሩጫ፣ የክንድ ጥንካሬና ሜዳ ላይ ኳስ መያዝ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከአምስቱ ዋናው የመጀመሪያው ነው፣ ለመገመት የሚከብደውም እሱው። ሩጫን በሰዓት ትለካዋለህ። ዛሬ የሰፈሩን ልጆች ኳስ እያወጣ የሚጥል የ18 ዓመት ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ በሰዓት 155 ኪሎ ሜትር የሚመጣውን ኳስ፣ መሃል መንገድ ላይ ከሚታጠፈው ለይቶ ይመታል ወይ የሚለውን ግን በምን ትለካዋለህ?

ፒቸሮች (ኳሱን ለመቺው የሚወረውሩት) ደግሞ የባሱ ናቸው፣ ክርናቸው መቼ እንደሚበጠስ አይታወቅም። በ2014 ሂውስተን አስትሮስ አንደኛ አድርጎ የመረጠው ብሬዲ ኤይከን ክርኑ ላይ ሐኪሞች ባዩት ነገር ክርክር ተነስቶ ሳይፈርም ቀረ። ሜጀር ሊግም አልደረሰም። አስትሮስ በምትኩ በ2015 ሁለተኛ ምርጫ አገኘ፣ አሌክስ ብሬግማንን ወሰደበት። ከዚህ በላይ የተሳካ ውድቀት አላየሁም።

ደረጃው ወሬ ብቻ ቢሆን ባላሳሰበን፣ ግን ቡድኖች እንደ ገንዘብ ይገበያዩበታል። በኦገስት 2022 ዋሽንግተን ናሽናልስ ሁዋን ሶቶንና ጆሽ ቤልን ለሳንዲያጎ ሰጥቶ ሲጄ ኤብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርን፣ ጄምስ ዉድን፣ ሮበርት ሃሰልን፣ ሃርሊን ሱሳናን እና አንጋፋውን ሉክ ቮይትን ተቀበለ። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ያኔ የነበረውን ብስጭት ታስታውሱታላችሁ። ያለቀለት ኮከብ ሄዶ በዋናነት ተስፋ ነው የመጣው። በነገራችን ላይ ሶቶ ራሱ የድራፍት ልጅ አይደለም። ድራፍቱ አሜሪካ፣ ካናዳና ፖርቶ ሪኮ ላሉ ልጆች ነው። የዶሚኒካን ልጆች በ16 ዓመታቸው በቀጥታ ይፈርማሉ፣ ሶቶም በ2015 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያ ነው የፈረመው።

ድራፍቱ ከ1965 ጀምሮ አለ። አሁን 20 ዙር ነው። ከ2023 ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች በሎተሪ ይወጣሉ። እና ገና ሳይጠናቀቅ ወቀሳው ይጀምራል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፤ እንዴት እገሌን ትታችሁ እገሌን መረጣችሁ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

በጣም የሚጠቀሰው ማይክ ትራውት ነው። በ2009 ከእሱ በፊት 24 ልጆች ተጠርተዋል። ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ታዲያ ማን ይወቀስ? የወሰደው ኤንጀልስ ራሱ እኮ በ24ኛ ራንዳል ግሪቸክን መርጦ ነው በ25ኛ ወደ ትራውት የመጣው። ናሽናልስም ሁለት ጊዜ አልፎታል፣ በአንደኛ ስቲቨን ስትራስበርግን፣ በ10ኛ ድሩ ስቶረንን ወስዶ። ስትራስበርግ በ2019 የዎርልድ ሲሪስ (የሊጉ ፍጻሜ) ኮከብ ስለሆነ ማንም አያነሳውም። አልበርት ፑሆልስ ደግሞ በ1999 በ13ኛው ዙር፣ 402ኛ ነው የተመረጠው፣ 703 ሆም ራን (ከሜዳ የሚወጣ ምት) መታ። ሁሉም የሳተውን ነገር አንዱን ቡድን ነጥሎ መውቀስ አይገባኝም።

እኔ ወቀሳ የምቀበለው መረጃው ያን ቀን እጃቸው ላይ ከነበረ ነው። ለምሳሌ 1992። የአስትሮስ ስካውት ሃል ኒውሃውዘር፣ ራሱ የቀድሞ ታላቅ ፒቸር፣ ካላማዙ ሚሺጋን ያለውን ዴሬክ ጄተርን አይቶ «እሱን ውሰዱ» ብሎ ወተወተ። አለቆቹ ልጁ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ብለው ፈሩና ፊል ኔቪንን መረጡ። ጄተር በስድስተኛ ለያንኪስ ደረሰ። ኒውሃውዘር ሥራውን ጥሎ ወጣ። ይሄ በኋላ የመጣ ብልጠት አይደለም፣ የገዛ ሰውዬአቸው በጊዜው ነግሯቸዋል።

በተቃራኒው የ2013ቱን ማርክ አፔልን ተመልከቱ። አስትሮስ እሱን አንደኛ አደረገ፣ ኩብስ በሁለተኛ ክሪስ ብራያንትን ወሰደ። ብራያንት በ2016 የሊጉ ምርጥ ሆኖ ዋንጫም በላ፣ አፔል በ2018 ጨዋታ አቁሞ፣ ተመልሶ፣ በ2022 በፊላዴልፊያ ማልያ በ30 ዓመቱ ሜጀር ሊግ ገባ። ውጤቱ ያሳዝናል። ምርጫው ግን ያኔ እብደት አልነበረም፤ የስታንፎርዱ ፒቸር በዝርዝሮቹ ላይ ከላይኞቹ አንዱ ነበር።

ሌላው ወቃሾች የሚረሱት ሂሳቡን ነው። ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ለፊርማ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ አለው፣ ብዙ ካለፈ የወደፊት ምርጫውን ይቀማል። ስለዚህ አንደኛው ተመራጭ የግድ አንደኛው ጎበዝ አይደለም። በዚያው ዓመት አስትሮስ ለአንደኛው ቦታ 7.2 ሚሊዮን ተመድቦ እያለ ካርሎስ ኮሬያን በ4.8 አስፈረመ። የተረፈው 41ኛ ለመረጡት ላንስ መከለርስ ሄደ። ሁለቱም የ2017ቱን ዋንጫ አነሱ (የተጋጣሚን የምልክት ቋንቋ ሰርቀው፣ ለመቺው በቆሻሻ በርሜል ድብደባ እየነገሩ ያገኙት ዋንጫ ቢሆንም)።

አሁን ደግሞ ተራው የናሽናልስ ነው። በጁላይ 2025 የመጀመሪያውን ምርጫ ይዞ የኦክላሆማውን የ17 ዓመት ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል የሚቆም ተጫዋች) ኢላይ ዊሊትስን ወሰደ። ኤምኤልቢ ፓይፕላይን ከእሱ በላይ ያስቀመጠው ኤታን ሆሊዴይ ወደ አራተኛ ወርዶ ለኮሎራዶ ደረሰ። ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ፈረመ፣ ቦታው ግን ከ11 ሚሊዮን በላይ ነበረው፤ የኮሬያ ሂሳብ መሆኑ ነው። ልጁ ይሳካለት አይሳካለት ለመፍረድ ገና ብዙ ዓመት አለን። ናሽናልስን ዛሬውኑ ለመውቀስ ግን መጠበቅ የማያስፈልገው ነገር አለ፤ ለዓመታት ምርጫውን የመራውን ጄነራል ማናጀር ማይክ ሪዞን ያባረሩት ድራፍቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። የድራፍቱ ቀን ደግሞ አስቀድሞ ለሁሉም የታወቀ ነበር።