«ጣፈ» ምን ማለት ነው?

ጣፈ ማለት በተቀደደ ወይም በሳሳ ልብስ ላይ ሌላ ቁራጭ ጨርቅ አኑሮ ዙሪያውን በመርፌና በክር መስፋት ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ቁራጭ እራፊ ይባላል፤ ቀዳዳው ላይ ከዋለ በኋላ ግን መጣፊያ ይሆናል። ጉልበቱ ያለቀ ሱሪና ክርኑ የተበላ ኮት ይጣፋሉ። ስፌቱ ብቻ የተተረተረ ቀሚስ ግን መጣፊያ አያስፈልገውም፤ የተለያዩትን ጠርዞች በክር ማያያዝ ይበቃዋል፤ ይህም መጥቀም ይባላል። ዛሬ ብዙዎቻችን ሁሉንም «ሰፋ» ብለን ማለፋችን ያሳዝነኛል፤ ሰፋ መሶብና ሰፌድ ለሚሠራ እጅ ጭምር የሚነገር ጠቅላላ ቃል ስለሆነ፣ ልብሱ ምን እንደደረሰበትና እንዴት እንደዳነ አይነግረንም። በመጣፊያ ላይ መጣፊያ እየተደራረበ የሚለበሰው ደግሞ ድሪቶ ነው።

መጣፊያ መጠኑና ዓይነቱ ካልተመረጠለት ጥፋቱ ይብሳል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 21 በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ የሚጥፍ እንደሌለ የተነገረው ከዚሁ የሥራ ዕውቀት ተነሥቶ ነው፦ ውሃ ያልነካው ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ቀድሞ ተሰብስቦ ያበቃውን አሮጌ ልብስም ይዞ ይጎትተዋል። ቁራጩ ከቀዳዳው ካነሰ ደግሞ አንዱን ወገን ሲሸፍኑት ሌላው ይገለጣል። ገቢው ከወጪው አልገናኝ ያለው ሰው «መጣፊያው አጠረኝ» የሚለው ይህንን አይቶ ነው፤ አነጋገሩ ከገንዘብም አልፎ መላ ለጠፋበት ሁሉ ያገለግላል።

የቃሉ አስደናቂ ነገር ግን ከመጻፍ ጋር ያለው የመልክ አንድነት ነው። የግዕዙ ጸሐፈ ወደ አማርኛ ሲገባ «ሐ» ድምፁን አጥቶ ጻፈ ሆነ፤ በብዙ አካባቢ አነጋገርም «ጸ» ወደ «ጠ» ስለሚለወጥ፣ ጸሎት ጠሎት፣ ጾም ጦም እንደሚባለው፣ ጻፈም ጣፈ ተባለ። መጽሐፍም በዚሁ መንገድ መጣፍ ሆነ፤ መጽሐፍ ገላጩም መጣፍ ገላጭ ተባለ። በሌላ በኩል ልብስ የመጣፍ ሥራም ራሱ «መጣፍ» ነው። ስለዚህ አንዱ ቃል ሳይለወጥ የተማረውን ሰው መጽሐፍም፣ እናት ማታ በኩራዝ ብርሃን የምትሠራውንም ሥራ ይጠራል። እርግጥ የድምፅ መገጣጠም ብቻውን ሁለት ቃላት ከአንድ ሥር መውጣታቸውን አያረጋግጥም፤ «ጣፊ ጸሐፊ ነው» እያሉ ትርጉም ማራቀቅም አይገባም።

ሁለቱ ሥራዎች ግን በእርግጥ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እርሱም ብራና ነው። ቆዳው ሲፋቅና ሲወጠር የሚቀደድበት ጊዜ ስላለ፣ ብራና ፋቂው ቀዳዳውን ይሰፋዋል፤ ጸሐፊውም ስፌቱ ላይ ሲደርስ ፊደሉን ከዚህና ከዚያ አድርጎ ያልፋል። በቆዩ የብራና መጻሕፍት ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ስፌት በዓይን ይታያል።

በዛሬው ጽሕፈት «ጻፈ» የሚለው አጻጻፍ ስለጸና መደናገሩ ቀንሷል። በቆየ ደብዳቤ ወይም በባላገር ንግግር «ጣፈ» የሚል ሲያጋጥም ግን ትርጉሙን የሚወስነው አብሮት የተነሣው ነገር ነው፦ ሱሪ ከሆነ ተሰፍቷል፣ ክታብ ከሆነ ተጽፏል።